የጓሮ አትክልት በጎ አድራጎት ድርጅት ሒሳብ እንዴት ይነበባል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች እናስተናግዳለን። ሦስቱም የሚያነሡት አትክልት ማልማትን የበጎ አድራጎት ሥራቸው ያደረጉ ድርጅቶችና ማኅበራት የገንዘብ አያያዛቸውና ግልጽነታቸው በምን እንደሚታወቅ ነው። ከሁሉም ሰፊ ጉዳይ ያነሣው የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለሆነ የአምዱን አብዛኛውን ቦታ የሰጠነው ለእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በደሴ ከተማ ነዋሪ የሆንኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። በከተማችን ለአቅመ ደካማ እናቶችና ሥራ ላላገኙ ወጣቶች የአትክልት ዘር፣ ችግኝ፣ የእጅ መሣሪያና ሥልጠና የሚያቀርብ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ከጎረቤቶቼ መካከል በግቢያቸው ጎመንና ካሮት የሚያለሙ ሰዎች ዘሩን ያገኙት ከዚሁ ድርጅት ነው። በውጭ አገር የምትኖረው ልጄ በየዓመቱ ቋሚ ድጋፍ ልትሰጠው አስባ እንዳጣራላት አደራ አለችኝ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ስጠይቅ ፎቶግራፍ የበዛበት ጥቂት ገጽ ያለው መጽሔት ሰጡኝ፤ በመጽሔቱም «ከምንቀበለው 100 ብር ውስጥ 95ቱ በቀጥታ ለተጠቃሚዎች ይደርሳል» ተብሎ ተጽፏል። የኦዲት ሪፖርታችሁን አሳዩኝ ስል ግን «እርሱ የሚቀርበው ለመንግሥትና ለትልልቅ ለጋሾች ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ድርጅቱን በሐሰት መጠርጠር አልሻም፤ ልጄ በሌሊት ሥራ ያገኘችውን ገንዘብም በጭፍን መስጠት አልፈልግም። ምን ልጠይቅ? ምኑንስ ልመልከት?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ በመጀመሪያ ከልብዎ ሊያወጡት የሚገባው፣ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር ነው የሚለውን ስጋት ነው። በእድራችን ገንዘብ ያዡ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሞ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል በባንክ አለ ብሎ ሲያስረዳ ማንም ሰው እንደ ውርደት አይቆጥረውም፤ እንዲያውም ሒሳብ ሳይሰማ የሚበተን ጉባኤ ያስወቅሳል። በጎ አድራጎት ድርጅትም የሚያንቀሳቅሰው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ ያውም የሰጪው ገንዘብ ለማያውቀው ተቀባይ የሚደርስበት መንገድ ስለሆነ የመጠየቅ መብቱ የሰጪው ብቻ ሳይሆን የተቀባዩም ነው። ጎረቤቶችዎ ከማንም በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ጥያቄውን ከድርጅቱ ማንነት ይጀምሩ። በአገራችን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚመለከተው ዋናው ሕግ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ሲሆን፣ ሕጉን የሚያስፈጽመው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ በቀጥታ የሚመለከታቸው ከአንድ ክልል በላይ የሚንቀሳቀሱትን፣ የውጭ ድርጅቶችንና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠሩትን ስለሆነ፣ በአማራ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ድርጅት ምዝገባው በክልሉ አካል ዘንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን አይተው ማን እንደሰጠው፣ በየትኛው ስም እንደሆነና ድርጅቱ አባላት ያሉት ማኅበር ይሁን በቦርድ የሚመራ ድርጅት ይለዩ። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም፤ ማኅበር ከሆነ ሒሳቡን ሰምቶ የሚያጸድቀው የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ በቦርድ የሚመራ ከሆነ ደግሞ ተጠያቂነቱ ያረፈው በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ስለሆነ እነዚያ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከዚያም ልጅዎ ገንዘቡን የምታስገባበት የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር በምስክር ወረቀቱ ላይ በሰፈረው የድርጅቱ ስም የተከፈተ መሆኑን ያረጋግጡ። በሥራ አስኪያጁ ወይም በሌላ ግለሰብ ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ ላኩ ከተባሉ ምክንያቱ ምንም ያህል አሳማኝ ቢመስል አይላኩ።

አሁን ወደ ኦዲት ሪፖርቱ እንምጣ። «ለመንግሥትና ለትልልቅ ለጋሾች ነው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። ሪፖርቱ ለተቆጣጣሪ አካል መቅረቡ ለእርስዎ እንዳይታይ አያግደውም፤ ድርጅቱ ሊያሳይዎ ከፈለገ የሚከለክለው ነገር የለም። ስለዚህ ጥያቄዎን በቃል ብቻ አይተዉት፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት የተመረመረ ሒሳብ ከነማብራሪያዎቹ ለማየት እንደሚፈልጉ በአጭር ደብዳቤ ጽፈው ለሥራ አስኪያጁና ለቦርዱ ሰብሳቢ ያስገቡ፤ ግልባጩንም ያስፈርሙ። ሁለት ዓመት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአንድ ዓመት ሒሳብ ለብቻው ሲታይ ብዙም አይናገርም፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የትኛው ወጪ እንደጨመረ፣ የትኛው ገቢ እንደቀረ ዓይን ላይ ይወድቃል።

ሪፖርቱ በእጅዎ ሲገባ በመጀመሪያ የኦዲተሩን ደብዳቤ ያንብቡ። ኦዲተሩ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 መሠረት ሙያውን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ የሰጠው መሆን አለበት። የኦዲተር አስተያየት አራት ዓይነት ነው፤ ነቀፌታ የሌለበት፣ ከጥቂት ጉዳዮች በስተቀር አጥጋቢ የሆነ፣ አጥጋቢ ያልሆነ፣ አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለበት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ካየ ሪፖርቱን ያጥፈዋል፤ ሁለተኛውን ካየ ደግሞ ሌብነት የተገኘ ይመስለዋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት የሚናገረው የሒሳብ መግለጫው የድርጅቱን የገንዘብ ሁኔታ ከሞላ ጎደል በትክክል ማሳየቱን ነው እንጂ ገንዘቡ በጥበብ መዋሉን አይደለም፤ ዘር ሳይበቅል የቀረበት እርሻ ደረሰኙ ከተሟላ ኦዲቱን ያልፋል። «በስተቀር» የሚል አስተያየት የተሰጠው ድርጅት ደግሞ ጉድለቱ ምን እንደነበረ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ በተከታዩ ዓመት አርሞት ከሆነ ከብዙዎች የተሻለ ምልክት አድርጌ እወስደዋለሁ። በብርቱ የሚያሳስበው አራተኛው ነው፤ ኦዲተሩ አስተያየት መስጠት አልቻልኩም ሲል አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃ አላገኘሁም ማለቱ ነውና።

የ95 ብሩ ነገር ሰፊ ማብራሪያ ይፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 1113 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 ጣሪያውን 30 በመቶ ላይ አስቀምጦት ነበር። የአስተዳደር ወጪ የሚባለው የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የመብራትና የውኃ፣ የባንክ አገልግሎት፣ የጠበቃ፣ ሌላው ቀርቶ የኦዲት ክፍያ ጭምር ነው። እንግዲህ መምህር፣ ልብ ይበሉ፤ ሒሳቡን በሚገባ የሚይዝ የሒሳብ ሠራተኛ መቅጠርና ሒሳቡን በውጭ ኦዲተር ማስመርመር ራሱ ይህን መቶኛ ከፍ ያደርገዋል። 5 በመቶ ብቻ ለአስተዳደር አወጣለሁ የሚል ትንሽ ድርጅት ወይ ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ያረፈ ነው፣ ወይ ኪራዩን የሚችልለት ሌላ አካል አለ፣ ወይ ደግሞ የአስተዳደር ወጪውን በፕሮጀክት ስም መዝግቦታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚያስመሰግኑ ናቸው፤ ሦስተኛው ማሳሳት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከሒሳቡ ጋር በተያያዙት ማብራሪያዎች ነው። የችግኝ ጣቢያው ጥበቃና የችግኝ አፍዪዎቹ ደመወዝ በፕሮጀክት ወጪ መመዝገቡ ተገቢ ነው፤ የሥራ አስኪያጁ ሙሉ ደመወዝ፣ የቢሮው ኪራይና የመኪናው ነዳጅ በሙሉ በዚያው ከገቡ ግን 95ቱ ብር የተገኘው በአመዘጋገብ ነው። በእኔ እምነት 15 በመቶ ለአስተዳደር አውጥቶ እያንዳንዷን ብር የሚያስረዳ ድርጅት፣ 5 በመቶ ብሎ ማብራሪያ ከሚነፍግ ድርጅት ይመረጣል። ከለጋሾች ልማድም አንድ የማዝንበት ነገር አለ፤ መቶኛው አነስ ያለለትን ብቻ እየፈለግን ድርጅቶች ወጪያቸውን እንዲደብቁ የምንገፋፋቸው እኛው ራሳችን ነን።

የ2016ና የ2017 በጀት ዓመታትን ሒሳብ የሚያወዳድሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አይርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። 10 ሺህ ዶላር ከውጭ ያገኝ የነበረ ድርጅት በፊት 570 ሺህ ብር ገደማ ይመዘግብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ገንዘብ ሲቀበል ገቢው ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «ገቢያችን በእጥፍ አደገ» የሚል ሪፖርት ሲያነቡ ለጋሾቹ በዝተው ነው ወይስ ብሩ ተዳክሞ ነው ብለው ይጠይቁ። የዚያኑ ያህል ወጪው ማደጉም የግድ ብክነት አይደለም፤ ከውጭ የሚገባ ዘር፣ የጠብታ መስኖ ዕቃና የፕላስቲክ ሮቶ ዋጋቸው አብሮ ይንራልና። ከአስተዳደር ወጪ አንጻርም ነገሩ ለድርጅቱ ይመቸዋል፤ ጣሪያው የሚሰላው ከገቢ በመሆኑ ገቢው በምንዛሪ ምክንያት ሲያብጥ በብር የሚከፈለው ደመወዝና ኪራይ በመቶኛ ትንሽ መስሎ ይታያል።

በባንክ ያለው ገንዘብ ብዙ ሆኖ ቢያገኙትም ድርጅቱ ሀብታም ነው ብለው አይቸኩሉ። ለጋሽ ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ ሥራ የሰጠው ገንዘብ ለሌላ ሊውል አይችልም፤ ለምሳሌ ለትምህርት ቤት የአትክልት ቦታ የመጣ ገንዘብ የቢሮ ኪራይ አይከፈልበትም። መጠየቅ ያለብዎ ከቀሪው ሒሳብ ውስጥ ዓላማው የተወሰነው ስንት፣ ድርጅቱ በራሱ ውሳኔ የሚያንቀሳቅሰው ስንት እንደሆነ ነው። በወሎ ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ለመልሶ ማቋቋም በርካታ ድጋፍ ስለመጣ፣ በዚያ ዘመን የተሰጠ ዓላማው የተወሰነ ገንዘብ ዛሬም በቀሪ ሒሳብ ላይ የሚታይ ከሆነ ለምን እስካሁን እንዳልተሠራበት መስማት ተገቢ ነው።

እስካሁን የጠቀስኩት ማንኛውንም ድርጅት ለመመርመር የሚጠቅም ነው። የአትክልት ድርጅት ግን አንድ የተለየ ጥቅም ይሰጥዎታል፤ ሒሳቡን ከወቅቱና ከመሬቱ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ይህን የአዲስ አበባ ኦዲተር ላያየው ይችላል፤ እርስዎና ጎረቤቶችዎ ግን ያዩታል። የጥቅል ጎመን ወይም የቲማቲም ዘር በመደብ ላይ ፈልቶ ለመዛወር የሚደርሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ለክረምቱ ዝናብ እንዲደርስ የታሰበ ችግኝ እንግዲህ ዘሩ ግንቦት ላይ በእጅ መግባት ነበረበት። የዘሩ ግዢ የተመዘገበው በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ከሆነ ድርጅቱ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ገንዘቡን ለመጨረስ የተጣደፈ ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ ዘሩ መቼና የት እንደተዘራ መጠየቅ አለበት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ በሚወርድበት ወቅት ለደሴ ቀበሌዎች የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ታደለ የሚል ሪፖርት ደረሰኙ የተሟላ ቢሆንም ምርቱ ያጠራጥራል። ለሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት የዘር ጥቅል የገዛ ድርጅት ወይ ባለሙያ አላማከረም፣ ወይ የገዛው አቅራቢው የነበረውን ነው።

ሌላው የተከፋፈለውንና የጸደቀውን መለየት ነው። ሪፖርቶች ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ታደለ ማለት ይወዳሉ። ለፍራፍሬ ችግኝ ዋናው ጥያቄ ከአንድ በጋ በኋላ ምን ያህሉ ቆሞ እንደተገኘ ነው፤ ለአትክልት ደግሞ ስንት ቤተሰብ በሁለተኛው ዙር በራሱ ዘር ገዝቶ እንደቀጠለ ነው። የፕሮጀክቱን ጠቅላላ ወጪ በታደለው ሳይሆን በጸደቀው ችግኝ፣ ወይም በሠለጠነው ሳይሆን ማልማቱን በቀጠለው ቤተሰብ ቢያካፍሉት የተለየ ቁጥር ያገኛሉ። ይህን ስሌት ድርጅቱ ራሱ ሠርቶ ካቀረበልዎ፣ ቁጥሩ የሚያስደስት ባይሆንም እንኳ፣ ከአማረ መጽሔት ይልቅ እርሱን ይመኑ። የውሎ አበሉንና የአዳራሽ ኪራዩንም ይመልከቱ፤ አትክልት የሚማሩት በመደብ ላይ በመሆኑ፣ ከዘርና ከመሣሪያ ይልቅ ለስብሰባ ብዙ ያወጣ ድርጅት ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

ስለ ሰዎቹም ሁለት ነገር ይጠይቁ። የቦርድ አባላቱና ሥራ አስኪያጁ ዝምድና አላቸው ወይ? ዘሩን፣ ችግኙን ወይም ማዳበሪያውን የሚሸጥላቸው ነጋዴስ ከመካከላቸው የአንዱ ዘመድ ነው ወይ? በደሴ ልክ ባለ ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃልና ዝምድና መኖሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ዝምድናው ተመዝግቦ፣ የሚመለከተው ሰው ከውሳኔው ወጥቶ፣ ግዢው ቢያንስ በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ከሆነ የሚያስነቅፍ ነገር የለውም። ያልተነገረ ሲሆን ነው ችግሩ።

የጽሑፍ ጥያቄዎ በበቂ ጊዜ ውስጥ ካልተመለሰ ምዝገባውን ወደ ሰጠው አካል መሄድ ይችላሉ። ድርጅቱ ፕሮጀክት የሚያካሂድ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ከገንዘብና ከግብርና መሥሪያ ቤቶች ጋር የተፈራረመው የፕሮጀክት ስምምነት ስለሚኖር፣ በስምምነቱ ስንት ቤተሰብ፣ በየትኞቹ ቀበሌዎች፣ በስንት ብር እንደተባለ ጠይቀው ከሚያዩት ጋር ያመሳክሩ። ለልጅዎ የምመክራት የዓመቱን ድጋፍ በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ የመጀመሪያውን ገንዘብ ለአንድ ለተለየ ሥራ፣ ለምሳሌ ለአንድ ቀበሌ የበልግ ዘር፣ በጽሑፍ ወስና እንድትሰጥና ቀሪውን ከዚያ ሒሳብ በኋላ እንድትወስን ነው። እርስዎ በአካባቢው ስላሉ መደቡን ሄደው ማየት ይችላሉ፤ ይህ ዕድል ብዙ ለጋሾች የሌላቸው ነው። ድርጅቱ በደብዳቤዎ ተነሣሥቶ ሪፖርቱን ካሳየዎት ደግሞ የመጀመሪያውን እምቢታ ቂም አድርገው አይያዙበት፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው መልስ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ ሸዋ በር አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ለንደን የምትኖረው የእህቴ ልጅ በአንድ ትልቅ የእንግሊዝ የአትክልት በጎ አድራጎት ድርጅት አባልነት ትከፍላለች። «እዚህ የማንኛውንም ድርጅት ሒሳብ በስልኬ አያለሁ» ትለኛለች። እውነት ነው? የእኛዎቹንስ በዚያ መለኪያ መመዘን ይቻላል?

መልስ፦ እውነቷን ነው። የእንግሊዝና የዌልስ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ አለው፤ ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ የድርጅቱን ስም አስገብቶ የባለአደራዎቹን ስም፣ ገቢና ወጪውን፣ የትልልቆቹንም የተመረመረ ሒሳብ ያያል። ድርጅቶች ሒሳባቸውን የበጀት ዓመታቸው በተዘጋ በ10 ወራት ውስጥ ማቅረብ አለባቸው፤ ያዘገየ ድርጅት መዘግየቱ በመዝገቡ ላይ ይታይበታል። በዓመት ከ60 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ቁጥርም በየደረጃው በሒሳቡ ማብራሪያ ይሰፍራል።

መመዘኛውን እንዳለ ማምጣት ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1804 የተመሠረተው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር፣ ለምሳሌ፣ ከአባልነት መዋጮ ሌላ ከአትክልት ቦታዎቹ መግቢያ፣ ከሽያጭና በቼልሲ እንደሚደረገው ካሉ የአበባ ትርኢቶች ገቢ ያገኛል። ትርኢት ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ ስለሚወጣ የእርሱ የወጪ ምጣኔ ዘር ከሚያድል የደሴ ድርጅት ጋር ጎን ለጎን ሊቀመጥ አይችልም፤ የሥራቸው ዓይነት የተለያየ ነው። ከዚያ ልንወስደው የሚገባ አንድ ልማድ ግን አለ። የዚያ አገር ድርጅቶች ለክፉ ቀን ምን ያህል መጠባበቂያ ገንዘብ እንደሚይዙና ለምን ያንን ያህል እንደሚይዙ በዓመታዊ ሪፖርታቸው ላይ በጽሑፍ ያብራራሉ። ዝናብ በቀረ ወይም ለጋሽ በድንገት ባቆመ ጊዜ የችግኝ ጣቢያው ውኃ ለስንት ወር እንደሚከፈል የሚገልጽ አንድ አንቀጽ በእኛ ድርጅቶች ሪፖርት ላይ ባየሁ እጅግ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ከተማ ሴቶች ሆነን ተሰባስበን አትክልት እናለማለን። ከምርቱ ገሚሱን ሸጠን ለዘርና ለውኃ እናውላለን፤ ገሚሱን ለታመሙና ለአቅመ ደካሞች በነጻ እንሰጣለን። በቅርቡ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተመርጫለሁ፤ የሒሳብ ትምህርት ግን የለኝም። የነበረችው ገንዘብ ያዥ ታማኝ ሴት ብትሆንም መዝገቧ የተሟላ አይደለም። እንዳልሳሳትና ስሜ እንዳይነሣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ ስጋትዎ የኃላፊነት ስሜትዎን ያሳያል። የእናንተ ዓይነቱን ሒሳብ ለመያዝ የኮሌጅ ትምህርት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሦስት ሥራዎችን ለሦስት ሰዎች መለየት ነው። ወጪ የምትፈቅደው ሰብሳቢዋ ትሁን፤ ገንዘቡን የሚይዙት እርስዎ ይሁኑ፤ በመዝገብ ላይ የምታሰፍረው ጸሐፊዋ ትሁን። ሦስቱን አንድ ሰው ሲይዛቸው ታማኙም ሰው ራሱን ከሐሜት ማዳን አይችልም። ከባንክ ወጪ ለማድረግም ሁለት ፊርማ ይሁን።

የገቢ ደረሰኛችሁ ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ይሁን፤ የተበላሸውን ቅጠል ቀድደው አይጣሉት፣ «ተሰርዟል» ብለው ከጥራዙ ጋር ያቆዩት። ከሽያጭ የተሰበሰበው ብር ባንክ ሳይገባ ከእጅ ወጪ እንዳይሆን ያድርጉ፤ ለጥቃቅን ወጪ ኮሚቴው የወሰነው አነስተኛ ገንዘብ ለብቻው በእጅዎ ይቀመጥ፣ ሲያልቅም በማስረጃ ይተካ። ከገበያ ፍግ ወይም ዘር ከባላገር ሲገዙ ደረሰኝ እንደማይገኝ ይታወቃል፤ በዚህ ጊዜ ቀኑን፣ ዓይነቱን፣ መጠኑንና ዋጋውን የያዘ የግዢ ማስታወሻ ጽፈው ሻጩን ያስፈርሙ ወይም አሻራ ያስቀምጡ፣ አብራችሁ የሄደች ሌላ አባልም ትፈርም። ብቻዎን ገበያ አይውጡ።

እንደናንተ ባሉ ማኅበራት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በገንዘብ ያልተለወጠው ምርት ነው። በነጻ የሚሰጠው ጎመንና ቲማቲም ሀብት ስለሆነ ከመደቡ ሲነሣ ይመዘን፤ ስንት ኪሎ ተሸጠ፣ ስንት ኪሎ ለማን ተሰጠ፣ ስንቱ ተበላሸ ተብሎ በአንድ ደብተር ይስፈር። ብልሽትን መጻፍ አያሳፍርም፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን የጠፋው ሁሉ የተወሰደ ይመስላል። የተቀባዮቹን ስም በአደባባይ መለጠፍ ግን አይገባም፤ የሰው ችግር ማስታወቂያ አይደለም፤ ዝርዝሩ በኮሚቴው እጅ ይሁን፣ ለአባላት የሚነበበው የቤተሰቦቹ ቁጥርና የኪሎው መጠን ይሁን። አንድ ድርጅት አካፋ፣ ዶማ ወይም ሮቶ በስጦታ ሲያመጣላችሁም በገበያ ዋጋው ተገምቶ በንብረት መዝገብ ይግባ፣ ዕቃውም ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፍበት።

በየወሩ የባንክ ደብተራችሁን ከመዝገባችሁ ጋር አስተያዩና የወሩን መነሻ፣ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በአንድ ገጽ አዘጋጅተው በስብሰባ ላይ ያንብቡ፤ ማንበብ የማይችሉ አባላት ስላሉ ወረቀት መበተን አይተካውም። ከአባላቱ ሁለቱ ደግሞ ቀኑን ሳይነግሩዎት በእጅዎ ያለውን ገንዘብ ይቁጠሩ። ይህን ራስዎ ቢጠይቁት ለእርስዎ መከላከያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከቀድሞዋ ገንዘብ ያዥ ጋር ርክክብ ያድርጉ። በባንክ ያለው፣ በእጅ ያለው፣ ያልተሰበሰበ ዱቤ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ በመጋዘን ያለ ዘርና መሣሪያ፣ ያልተቆረጡ ደረሰኞች ከቁጥራቸው ጋር አንድ በአንድ ተጽፈው፣ የጎደለ ማስረጃ ካለም «ማስረጃው አልተገኘም» ተብሎ በግልጽ ሰፍሮ፣ አስረካቢዋ፣ እርስዎና ሰብሳቢዋ ትፈርሙበት። ይህ ያለፈውን ሥራ ለመክሰስ ሳይሆን የእርስዎ ኃላፊነት ከየት እንደሚጀምር ለመለየት ነው። ርክክቡ ሳይፈረም የመጀመሪያውን ደረሰኝ አይቁረጡ።